አራተኛው ስም

በ2014 ዓ.ም. ከጓደኞቼ ጋር ያወጣነው የአገራችን አሥር ምርጥ የቴከን ተጫዋቾች ዝርዝር ላይ አራተኛው ስም መግባት አልነበረበትም። ያስገባሁት እኔ ነኝ። መግባት የነበረበት ሌላ ስም ደግሞ ዝርዝሩ ላይ የለም፤ ያስቀረሁትም እኔ ነኝ። ሁለቱንም ሳደርግ የማደርገውን አውቅ ነበር። ዝርዝሩን አምነው የተከራከሩበት ሰዎች አሉ። በእሱ ምክንያት የሄደ አለ፣ የቀረ አለ። ስለዚህ ነገሩን ሳልሸፍን ከሥሩ ልናገር።

ቴከን ናምኮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው፣ ሁለት ሰው ፊት ለፊት የሚፋለምበት ጨዋታ ነው። የእኔ ዕድሜ ልጆች በቴከን 3 ጀምረን በፕሌይስቴሽን 2 ዘመን በቴከን 5 ጎረመስን። ዝርዝሩን ስናወጣ የሚጫወተው ቴከን 7 ነበር። ምስሉ በሰከንድ 60 ጊዜ ይቀያየራል፤ እያንዳንዷን ቅንጣት ተጫዋቾች ፍሬም ይሏታል። ፈጣኑ ቡጢ በ10 ፍሬም ይደርሳል፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ስድስተኛ። ከውጭ ለሚያይ ሰው ቁልፍ መደብደብ ይመስላል። ጆይስቲኩን ለያዘው ግን የተቃዋሚን ልማድ ማንበብ፣ ርቀት መለካት፣ ተሳስቶ የሰነዘረውን እዚያው መቅጣት ነው። ይህን ጨዋታ ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። ማን እንደሚችል፣ ማን እንደማይችል ለመለየት ዓይኔ አይሳሳትም ብዬ አምናለሁ፤ ያን ጊዜም ዓይኔ አልተሳሳተም። ዓይኔ ያየውን እጄ አልጻፈውም።

ደረጃ የሚወጣው ለጉራ ብቻ አይደለም። ውድድር ሲደለደል ጠንካሮቹ ገና በመጀመሪያው ዙር ተገናኝተው እንዳይጠፋፉ የሚለያቸው ደረጃ ነው። ገንዘብ ያለው ድርጅት ተጫዋች ሊልክ ሲፈልግ የሚያየው ያንኑ ወረቀት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቤተሰቡ ዘንድ «ጊዜውን የሚያባክን» ተብሎ የሚቆጠር ልጅ ስሙ አንድ ቦታ ላይ ተጽፎ ሲያይ የሚሰማውን ነገር አውቀዋለሁ፤ እኔም ተሰምቶኛል።

ሥራውን የጀመርነው አምስት ሆነን ነው። ስሌቶቹን ያጠናሁት እኔ ስለነበርኩ አዘጋጁም እኔ ሆንኩ። አርፓድ ኢሎ የተባሉት የሃንጋሪ ተወላጅ የፊዚክስ መምህር ለቼዝ ያወጡት ስሌት እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ፣ በ1970 ደግሞ በዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን ሥራ ላይ ውሏል፤ ጠንካራን ያሸነፈ ብዙ ነጥብ ያገኛል፣ ደካማን ያሸነፈ ጥቂት። ኋላ ማርክ ግሊክማን የተባለ አሜሪካዊ የስታቲስቲክስ ምሁር ግሊኮ የሚባለውን ሲሠራ ከነጥቡ ጎን ሁለተኛ ቁጥር ጨመረ። ይህ ቁጥር ስለ ሰውየው ችሎታ ምን ያህል እርግጠኞች እንዳልሆንን ይናገራል። ብዙ የተጫወተ ሰው ላይ ይጠብባል፤ ጥቂት የተጫወተ ወይም ከጠፋ የቆየ ሰው ላይ ይሰፋል። ይህን ሁለተኛ ቁጥር በጣም አደንቀው ነበር። አንድ ስሌት «ይህን ሰው በደንብ አላየሁትም» ብሎ መናገር መቻሉ ያስገርመኝ ነበር። ዝርዝራችን ላይ ግን አላስገባሁትም። ሰው የሚፈልገው ከአንድ እስከ አሥር የተጻፈ ስም ነው አልኩ፤ እናም አምስታችን ድምፅ ሰጥተን፣ ውጤቱን አማካይ ወስደን ለማውጣት ተስማማን። በድምፅ ማውጣቱ በራሱ ነውር የለበትም። በአሜሪካ የስማሽ ብራዘርስ ሜሌ ተጫዋቾች መቶ ምርጦቻቸውን ለዓመታት በዚሁ መንገድ ሲለዩ ኖረዋል። ግን ድምፅ የሚሰጠው አምስት ሰው ሆኖ ለድምፅ ማን እንደሚቀርብ የሚወስነው አንድ ሰው ሲሆን፣ ግማሹ ሥራ ያለቀው ድምፁ ከመሰጠቱ በፊት ነው። ያ አንድ ሰው እኔ ነበርኩ።

ለድምፅ ለመቅረብ አንድ ሕግ አወጣን፤ በስድስት ወር ውስጥ ቢያንስ ሦስት ውድድር ላይ መገኘት። ሕጉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ምክንያቱንም ያስረዳሁት እኔ። ክሎድ ብለድጉድ የተባለውን የቼዝ ተጫዋች ታሪክ ነገርኳቸው። ይህ ሰው በአሜሪካ ቨርጂንያ ግዛት እስር ቤት ሆኖ፣ በአብዛኛው ከእስረኞች ጋር ብቻ እየተጫወተ፣ ነጥቡ ተቆልሎ እ.ኤ.አ. በ1996 ከ2700 በላይ ደረሰ። በአገሩ ዝርዝር ላይ ሁለተኛ ሆነ፤ ከታላላቆቹ ጋር ግን አልተጋጠመም። በአንድ ግቢ ውስጥ የተሰበሰበ ድል ከግቢው ውጭ ምን እንደሚመዝን አይታወቅም አልኳቸው። ትክክል ነበርኩ። ሁሉም ተስማሙ። ይህን እውነተኛ ክርክር ነው ኋላ ለሐሰት ያዋልኩት።

ያስቀረሁት ልጅ የሚጫወተው መርካቶ፣ አውቶቡስ ተራ አካባቢ ካለች ጌም ቤት ውስጥ ነበር። የጌም ቤት ሕግ ይታወቃል፤ የተሸነፈ ከፍሎ ይነሳል፣ ያሸነፈ ተቀምጦ ይቀጥላል። ኪሱ ባዶ የሆነ ልጅ በአንድ ጨዋታ ዋጋ ማምሸት የሚችለው ካልተሸነፈ ብቻ ነው። ሞኒተር፣ ኢንተርኔትና የራሱ ፕሌይስቴሽን ያለው ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ አዲስ ነገር ሊሞክር፣ ሊሳሳት፣ እንደገና ሊጀምር ይችላል። ጌም ቤት ውስጥ ስህተት ብር ነው። ስለዚህ ከዚያ የሚወጡ ተጫዋቾች አይቸኩሉም፤ ያልተረጋገጠ ነገር አይሰነዝሩም፤ አንተ እስክትሳሳት ይጠብቁሃል። ይህን ልጅ ሰው ሁሉ የሚጠራው በሚጫወትበት ገጸ ባሕርይ ነበር፤ «ኪንግ»። ኪንግ የጃጓር ጭምብል ያጠለቀ የነፃ ትግል ተፋላሚ ነው፣ ኃይሉም መያዣው ላይ ነው። ሲይዝህ የትኛው እጁ እንደቀደመ አይተህ፣ ለዚያ የተመደበውን ቁልፍ ግማሽ ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ መጫን አለብህ። ከተሳሳትክ ከአንዱ መያዣ ወደ ሌላው እያሸጋገረ ይጨርስሃል። ልጁ እጁን ሳይሆን የአንተን ልማድ ያያል። ከሦስትና ከአራት መያዣ በኋላ ስትደነግጥ የትኛውን ቁልፍ እንደምትጫን ያውቅብሃል፤ ከዚያ ያንኑ አይሰጥህም።

እሱ በስድስት ወሩ ውስጥ የመጣው አንድ ውድድር ላይ ብቻ ነበር። ውድድሮቻችን የሚካሄዱት ቦሌ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። እሱ ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራል፤ መርካቶ ደግሞ ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። ቅዳሜን መውጣት ማለት የቀን ገቢ ማጣት ብቻ ሳይሆን ምናልባት ሥራውን ማጣት ነው። በዚያ ላይ የመመዝገቢያው ክፍያ፣ የታክሲው። በመጣባት በዚያች አንድ ቀን ሁለት ጊዜ ተሸንፎ ወጣ። ምክንያቱን ያየሁት እኔ ነበርኩ። የጌም ቤቱ ቲቪ ምስሉን በጥቂቱ ያዘገያል፤ ልጁ ለዓመታት ጣቱን ከዘገየ ምስል ጋር አስማምቶ ነበር። እኛ ዘንድ ያለው ሞኒተር ፈጣን ስለሆነ ጣቱ ከስዕሉ እየቀደመ ይጫን ነበር፤ የለመዳቸው ተከታታይ ምቶች እጁ ላይ ተበተኑ። ምንም ሳይናገር ጆይስቲኩን አስቀምጦ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ነገሩ አላስቻለኝም። ያን ጊዜ ስለ ፓኪስታን ተጫዋቾች የማላወራበት ቀን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2019 የላሆሩ ልጅ አርስላን ሲዲቅ፣ በጨዋታ ስሙ አርስላን አሽ፣ ፉኩዎካ ላይ የተካሄደውን ኢቮ ጃፓን የተባለ ታላቅ ውድድር አሸነፈ። እስከዚያ ድረስ በቴከን የሚፈሩት ኮሪያና ጃፓን ነበሩ። አርስላን ቪዛ ፈትኖት፣ በረራ እየቀያየረ፣ የያዘውን የፓኪስታን ሩፒ የሚመነዝርለት አጥቶ ደክሞ ነው የደረሰው። ካሸነፈ በኋላ አገር ቤት እንደ እሱ ያሉ፣ የማይታወቁ ጠንካራ ተጫዋቾች እንዳሉ ተናገረ። ብዙዎች አጋነነ ብለው ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላስ ቬጋስ ላይ በዋናው ኢቮ የፍጻሜ ጨዋታ ኒ በሚል ስም የሚታወቀውን ኮሪያዊውን ቤ ጄሚንን አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ስለ ፓኪስታን የሳቀ የለም። እኔ ይህን ታሪክ ስናገር ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እነዚያ ልጆች ከዚያ ቀን በፊትም ያው ነበሩ፤ የጎደላቸው ቪዛና የአውሮፕላን ቲኬት እንጂ ችሎታ አልነበረም እላለሁ። ሰው ሁሉ ይሰማኝ ነበር። ያንን እየተናገርኩ ነው የልጁን ስም ያስቀረሁት።

አንድ እሁድ የቤቴን ሞኒተር ተሸክሜ፣ ኋላ በዝርዝራችን ሁለተኛ የሆነውን ተጫዋች ለምኜ፣ ጌም ቤቷ ሄድን። ቀድሞ አሥር ጨዋታ ያሸነፈ አሸናፊ እንዲሆን ተስማሙ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ልጁ ተሸነፈ፤ ጣቱ አሁንም ይቀድም ነበር። ከዚያ አንድ ዙር ሙሉ ምንም ሳይሰነዝር ወደ ኋላ እየሸሸ፣ አንድ ቁልፍ ብቻ እየነካ ጊዜውን ሲለካ አየሁት። ያን ዙር አውቆ ሰጠው። ከዚያ በኋላ ያየሁትን በዚህ አገር ሌላ ቦታ አላየሁም። ሁለተኛችን ጎበዝ ነው፤ መያዣ ማምለጥ የሚችል ሰው ነው። ልጁ ቀስ በቀስ እጁን አሰረው። 10 ለ6 ተጠናቀቀ። እኔም ተቀምጬ ተሸነፍኩ። ሁሉንም በስልኬ ቀርጫለሁ፣ ውጤቱን ማስታወሻዬ ላይ ጽፌያለሁ። ብለድጉድን ጠቅሼ የተከራከርኩበት ያ የተዘጋ ግቢ በዚያ እሁድ ተከፍቷል፤ ከግቢው ውጭ ካለው ጠንካራ ሰው ጋር፣ በእኩል ሞኒተር፣ ረጅም ጨዋታ ተጫውቶ አሸንፏል። ማስረጃው ኪሴ ውስጥ ነበር። ሁለተኛችን መሸነፉን ለማንም አልነገረም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ዝምታው ጠቀመኝ።

ድምፅ የሚሰጥባቸውን ስሞች ሳዘጋጅ የልጁን ስም ሰረዝኩ። ሦስት ውድድር አልሞላም አልኩ፤ እውነት ነው አልሞላም። በዚያው ቀን፣ በዚያው ወረቀት ላይ፣ የቅርብ ጓደኛዬን ስም አስገባሁ። እሱም ሦስት አልሞላም ነበር። ሁለት ውድድር ተገኝቶ ሦስተኛው ላይ ተመዝግቦ ቀርቷል። ስሙ ድልድሉ ላይ ስለሰፈረ ተገኝቷል ብዬ ቆጠርኩለት። ማንም ሊያጣራ አይችልም ነበር፤ መዝገቡ በእኔ እጅ ነው።

ለራሴ የነገርኩት ሕግ ሕግ ነው የሚል ነበር። ለጓደኛዬ ደግሞ ሕግ ለሰው ነው የተሠራው አልኩ። ሁለቱን በአንድ ምሽት፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አልኩ። ከዚህ በታች ግን ሌላ ምክንያት ነበር፤ መጻፉ የሚከብደኝም እሱ ነው። አንድ ድርጅት ከዝርዝሩ የመጀመሪያዎቹን አራት ወደ ጎረቤት አገር ውድድር እንደሚልክ ነግሮኝ ነበር፤ ለሌሎቹ ገና አልነገርኩም። እኔ አራቱን በዓይነ ሕሊናዬ አየኋቸው፤ ኤርፖርት ላይ፣ ፎቶ ሲነሱ፣ ከውጭ ሰዎች ጋር ሲነጋገሩ። ያ ልጅ እዚያ መሀል አልታየኝም። እንግሊዝኛ አይችልም፣ ፓስፖርት የለውም፣ ሲናገር አንገቱን ይደፋል፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ ያው ነው። አገር ይወክላል ወይ ብዬ አሰብኩ። ጓደኛዬ ይወክላል አልኩ። የጨዋታ ደረጃ አወጣለሁ ብዬ ሰው በልብሱና በቋንቋው ለየሁ። ያኔ ለራሴ ይህን በእነዚህ ቃላት አልነገርኩትም፤ «ገና አልተፈተነም» የሚል ጨዋ ቃል አገኘሁለት። ከዝርዝሩ በታች ባስፈርኩት ማብራሪያ ላይም ስሙን ሳልጠራ፣ ተስፋ የሚጣልባቸው ነገር ግን ውድድር ላይ ያልተፈተኑ ልጆች በጌም ቤቶች እንዳሉ ጻፍኩ። ያ ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ አለ። ከሁሉ በላይ የማፍርበት እሱ ነው፤ ምክንያቱም የፈተነው እኔ ነበርኩ።

አራቱ ሄዱ። ጓደኛዬ በመጀመሪያው ቀን ሁለት ጊዜ ተሸንፎ ከውድድሩ ወጣ። ይህን የምናገረው እሱን ለማሳነስ አይደለም፤ እዚያ የነበሩት ጠንካሮች ነበሩ። ግን ወንበሩ የእሱ አልነበረም። ልጁ ቢሄድ ያሸንፍ ነበር ማለትም አልችልም። እንግዳ አገር፣ እንግዳ ሰው፣ እንግዳ ሞኒተር ነው፤ ቦሌ ላይ የሆነው እዚያም ሊደገም ይችል ነበር። አለማወቄ ግን አያድነኝም። ሊታወቅ ይችል የነበረውን ነገር እንዳይታወቅ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ሌላም ጉዳት አለ፣ ቆይቶ የገባኝ። የዚያች ጌም ቤት ልጆች ዝርዝሩን አይተውት ነበር። ሁለተኛችን እዚያ መጥቶ መሸነፉን ሁሉም አይተዋል፤ ዝርዝሩ ላይ ግን ሁለተኛ ሆኖ ተጽፏል፣ ያሸነፈው ደግሞ አሥረኛም አይደለም። ከዚያ በኋላ ከዚያ ሰፈር ወደ ውድድራችን የመጣ ሰው የለም። እኛ «መርካቶዎች አይመጡም» እያልን ስናማርር ኖርን። ለምን ይምጡ? ቢያሸንፉም እንደማይቆጠር በዓይናቸው አይተዋል። አንድ ስም መሰረዝ አንድ ሰው ማስቀረት ብቻ መስሎኝ ነበር።

ዓመታት አለፉ። አርስላን አሽ እ.ኤ.አ. በ2023 እና በ2024ም ላስ ቬጋስ ላይ ኢቮን አሸነፈ። እያሸነፈ ሲሄድ ታሪኩን መናገር እያቃተኝ መጣ። ሰዎች ስለ ፓኪስታን እንድነግራቸው ሲጠይቁኝ ሌላ ወሬ አመጣለሁ።

ባለፈው ክረምት ልጁን ፈልጌ አገኘሁት። አሁን ልጅ አይደለም፤ የራሱን ትንሽ ሱቅ ከአንድ ዘመዱ ጋር ይዟል። ቆሜ ያደረግኩትን ሁሉ ነገርኩት፤ ሕጉን፣ ጓደኛዬን፣ ስለ ልብሱና ስለ ቋንቋው ያሰብኩትን ጭምር። ያንን የመጨረሻውን ብተወው ይሻል ነበር ይሆናል፤ ግን ግማሹን ተናዝዤ ግማሹን ይዤ መመለስ አልፈለግኩም። ሲሰማኝ ዕቃ እያስተካከለ ነበር። «ወንድሜ፣ እኔ እኮ አውቄዋለሁ» አለኝ። «ስልክህን ይዘህ ስትቀርጽ አይቼሃለሁ። ቀርጾ ካላሳየ፣ እንዳይታይ ፈልጎ ነው አልኩ።» አልተቆጣም። ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር። ከዚያ ቪዲዮው አሁንም እንዳለኝ ጠየቀኝ። ሲጫወት ራሱን አይቶ አያውቅም። ላክሁለት።

ለጓደኛዬም ደወልኩ። እሱ ዘንድ የባሰ ሆነ። ለዓመታት አራተኛ ነበርኩ ሲል ኖሯል፤ ለእጮኛው ነግሯል፣ ለወንድሞቹ ነግሯል። ውጭ አገር ተሸንፎ ሲመለስ ለራሱ የሰጠው ማጽናኛ ቢያንስ ከአገሬ አራተኛ ሆኜ ነው የሄድኩት የሚል ነበር። «ውለታ የዋልክልኝ መስሎህ ነው?» አለኝ። አዎ፣ መስሎኝ ነበር። እሱን ሳልጠይቅ በእሱ ስም ሰርቄ ሰጠሁት፤ አሁን ደግሞ እሱን ሳልጠይቅ መልሼ ወሰድኩበት። እስካሁን አልተነጋገርንም።

የቀሩትን አራት ድምፅ ሰጪዎች ሰብስቤ ማስታወሻዬንና ቪዲዮውን አስረክቤያለሁ። ከእንግዲህ ድምፅ አልሰጥም፣ ስም አላዘጋጅም። ከመካከላቸው አንዱ የ2014ቱን ዝርዝር እናርመው፣ አራተኛውን አውጥተን እሱን እናስገባ አለ። «ስንተኛ ብለን?» ስንል ግን ሁላችንም ዝም አልን። አንድ ረጅም ጨዋታ ከሁለተኛው ጋር፣ አንድ ክፉ ቀን ቦሌ ላይ፣ ያለን ይህ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ጠርተነው ቢሆን፣ ቅዳሜውን ወደ እሁድ አዙረን፣ መመዝገቢያውን ትተንለት ቢሆን፣ ዛሬ ቁጥር ይኖረን ነበር። ስሙን ቁጥር ሳንሰጠው ከዝርዝሩ በታች፣ ከእነ ውጤቱ እናሰፍራለን፤ «ተስፋ የሚጣልባቸው» የሚለውም ዓረፍተ ነገር ይወጣል። ልጁም በዚህ ተስማምቷል።

አዲስ ዝርዝር ሊወጣ ነው ይባላል። የሚወጣው በጥር 2024 እ.ኤ.አ. በመጣው በቴከን 8 ነው። ቴከን 8 ፕሌይስቴሽን 4 ላይ አይሠራም፤ የአውቶቡስ ተራዋ ጌም ቤት ያላት ደግሞ ፕሌይስቴሽን 4 ነው። ለአዲሶቹ አዘጋጆች ይህን በጽሑፍ ነግሬያቸዋለሁ፤ አንድ ፕሌይስቴሽን 5 ለአንድ እሁድ እዚያ ይዘው እንዲሄዱም ለምኛቸዋለሁ። የእኔን ሞኒተር ይውሰዱ ብያለሁ።